ከእመት ቁልፍ በኋላ

እመት ቁልፍ የሚለውን ስም ያወጡላት የድሮ መሥሪያ ቤቷ ዘበኞች ናቸው። ጠዋት በበሩ ስትገባ ከእሷ ቀድሞ የቁልፎቿ ድምፅ ይሰማ ነበር። የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ፣ የመሳቢያዋ ቁልፍ፣ መሳቢያው ውስጥ ያለችው የትንሿ ሣጥን ቁልፍ፤ የቀሩት የምን እንደሆኑ እሷ ራሷም ትዝ የሚላት አይመስለኝም። ሁሉንም በአንድ ወፍራም ቀለበት አስራ በኮቷ ቀኝ ኪስ ትይዛቸዋለች። ኪሱ በየሦስት ወሩ ይቀደዳል። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናትና እያጉረመረመች ትሰፋላታለች።

ተጠራጣሪ ያደረጋት ሰው ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ልጅ ሳለች ድብብቆሽ ሲጫወቱ፣ ዓይኑን የሚጨፍነው ልጅ በጣቶቹ መሀል አጮልቆ ያያል ብላ በሻሽ ታስርበት ነበር። ሰው ያደረገው ነገር ቢኖር፣ የነበረውን ጠባይ ማክረር ነው።

ያከረረው እንዲህ ነው። በአንድ ትልቅ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮምፒውተሮቹን ስትጠብቅ ኖረች። የትኛው መኪና የት እንደሚሄድ የሚወስነው ፕሮግራም ሲታመም መድኃኒቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ አንድም ቀን ጽፋው አታውቅም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቷት ወንበር ሳበላት። «አንቺ እኮ የዚህ ቤት ምሰሶ ነሽ። እግዜር አያድርገውና ድንገት ብትታመሚ ምን ይውጠናል? የምታውቂውን እስኪ ጻፊልን» አላት። ሙገሳ የማያቀልጠው ሰው የለም። አርባ ገጽ ጻፈች። በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሳት፦ የሥራ መደቡ ታጥፏል። ወር ሳይሞላ የታጠፈው መደብ ተዘርግቶ፣ የሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድም አርባውን ገጽ ፊቱ ዘርግቶ ተቀምጦበታል ሲባል ሰማች። ቁልፎቹን አምጪ ያላት የለም። መቆለፊያዎቹን በሌላ ቀይረዋቸው ነበር።

ያን ቁልፍ ሁሉ ይዛ ወደ ቤቷ ገባች፤ ይዛው እንደኖረችም አለች። እህቷ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ብረት የሚከፍተው በር የለም እኮ» ትላታለች። እሷ ደግሞ ኪሷን ዳበስ ታደርጋለች።

ዓመት ያህል ሥራ ፈትታ፣ አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ አንድ የቀድሞ ባልደረባዋ ስለ ማኅበሩ ነገራት። ማኅበሩ ከመስታወት ቆራጭ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ሰፊ ክፍል፣ ሰባት ጠረጴዛ፣ አንዱ ባዶ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በቀር በር የሚባል ነገር የለም። ስድስቱ ሰዎች ሠራተኞች ናቸው፤ ባለቤቶቹም እነሱው ናቸው። ሥራቸው ለትምህርት ቤቶች፣ ለክሊኒኮችና ለቤተ መጻሕፍት ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር መትከል፣ መንከባከብና ማማከር ነው። ምንጩ ክፍት ማለት፣ ፕሮግራሙ እንዴት እንደተጻፈ ማንም ገልጦ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ወስዶም ይሠራበታል ማለት ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ለድካማቸውና ለምክራቸው እንጂ ለምስጢር አይደለም።

እመት ቁልፍ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ያደረገችው አለቃውን መፈለግ ነበር። የሌለ አለቃ የለም፤ የተደበቀ ነው እንጂ። ማን ትልቁ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ አየች፦ ወንበሮቹ ሁሉ ከአንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት የተገዙ ነበሩና በየጀርባቸው የተማሪ ጭረት አለባቸው። ማን መጨረሻ እንደሚናገር አዳመጠች፦ መጨረሻ የሚናገረው ሁልጊዜ የተለያየ ሰው ነው። ሰብሳቢነቱ በየወሩ ተራ ይዞራል፤ ሰብሳቢ የሆነ ሰው የወሩን ቆሻሻም ያወጣል። በዚያ ወር ተረኛዋ በደረጃ ላይ ሳቋ የሚሰማ፣ ሳቂታዋ የሚሏት ወፍራም ሴትዮ ነበረች። ቆሻሻውን ይዛ እየወረደች «እንኳን ደህና መጣሽ፣ መንገድ ልቀቂልኝ!» ብላ ተቀበለቻት።

«ታዲያ ምን አሉሽ?» አለቻት እህቷ ያን ቀን ማታ፣ መርፌ በጥርሷ እንደያዘች።

«አለቃ የለም ይላሉ። ሁሉም ክፍት ነው ይላሉ።»

«ጥሩ ነዋ!»

«አፋቸውን ነው የሰማሁት። ውስጡን ለቄስ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር።»

«አንቺ ስንጥር ስትፈልጊ ገንፎው ይቀዘቅዛል» አለች እህቷ፤ «በይ ይልቅ ይቺን ክር አስገቢልኝ።» የእህቷ ዓይን ከዓመት በፊት ጀምሮ ደክሟል። ክሩን በጣቷ ስሜት ነው የምትፈልገው። በሰፈሩ የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ ከያዘች አራት ወር ሆኗት ነበር፤ ቀጠሮው እየተላለፈ ወደሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ሄዶ ሄዶ ቆመ።

የማኅበሩ ወግ ሁለት ነገር አለው፤ ሁለቱንም በመጀመሪያው ሳምንት ነግረዋታል። አንደኛው ንባብ ነው። ማንም የጻፈው ነገር፣ ሌላ ሰው መስመር በመስመር አንብቦ ካልፈረመበት ሥራ ላይ አይውልም። የእሷ አንባቢ አራሚው ሆኑ። አራሚው ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት ፊደል ሲያርሙ የኖሩ፣ ኮድ ማንበብ ከሃምሳ ዓመታቸው በኋላ የተማሩ ሰው ናቸው። ስክሪኑን በእርሳስ ጫፍ እየነኩ ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። በማኅበሩ ሁሉም እኩል ነው ተብሎ ቢማልም እሳቸውን «አንተ» ለማለት የደፈረ እስካሁን አልተገኘም።

ሁለተኛው መጥፋት ይባላል። አዲስ ሰው ዓመት ሠርቶ አባል ለመሆን ከመቅረቡ በፊት የሥራውን አካሄድ ሁሉ ጽፎ፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ቢሮ አይመጣም፣ አይደውልም፣ እነሱም አይደውሉለትም። የቀሩት በጻፈው ብቻ ሥራውን ያካሂዳሉ። ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። ሁሉም እጅ መነሣት አለበት፤ የእጩው የራሱም እጅ ይቆጠራል።

«የራሴ?» አለች እመት ቁልፍ።

«አዎና» አሉ አራሚው። «ራስሽ ያላመንሽውን ሰው እኛ እንድናምንልሽ ትጠይቂናለሽ እንዴ?»

የመጥፋቱን ምክንያትም ነገሯት። መጀመሪያ ሰባት ነበሩ። ሰባተኛው፣ ማኅበሩን ያቋቋመው ሰው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ልቡ ቆመች። የሦስት ትምህርት ቤቶች መዝገብ የሚከፈትበት ፓስወርድ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። አርባ ቀን ሙሉ ለሰውየው እያለቀሱ ለመዝገቡም አለቀሱ። እመት ቁልፍ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች። በልቧ ግን «ድንገት ብትታመሚ ምን ይውጠናል» የሚለውን የዚያን ሰውዬ ድምፅ ነበር የምትሰማው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ሥራዋን ግን አልለገመችም፤ መመስገን ያለበት ይመስገን። የተሰጣት የዚያው የሰፈሩ የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም ነበር። ሥራውን ስትረከብ በየቀኑ ይወድቅ የነበረውን ፕሮግራም በሁለት ወር ውስጥ ቀጥ አደረገችው። ነርሶቹ በስሟ ይምሉ ጀመር። እሷ ግን ስድስቱን አንድ በአንድ ትጠብቃለች። ሳቂታዋ ምን ያስቃታል? አራሚው ለምን «ይሄን እንዴት አሰብሽው?» እያሉ ይጠይቃሉ? ከሁሉ ይልቅ ያስፈራት ዝምተኛው ነበር። ዝምተኛው ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ፕሮግራመር ነው፤ ጠረጴዛው ከእሷ ጀርባ ነው። ዝም ያለ ሰው የሚያስበውን ማን ያውቃል?

በአሥረኛው ወር አንድ ቀን ሁሉም ለምሳ ወጥተው፣ እሷ ዣንጥላዋን ረስታ ተመለሰች። ዝምተኛው ብቻውን ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ የተከፈተው ፋይል ርዕሱ በትልቁ ተጽፏል፦ ከእመት ቁልፍ በኋላ። ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ የጻፈቻቸው ማስታወሻዎች በተርታ ተቀድተዋል። ቀና ብሎ አያት፣ ፈገግ አለ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። አለመደንገጡ ይብስ አስደነገጣት። የማይደብቅ ሰው ወይ ንጹሕ ነው፣ ወይ ጉዳዩን ጨርሷል። እሷ ሁለተኛውን ያዘች።

ልትጠይቀው ትችል ነበር። «ምንድን ነው እሱ?» ቢባል በሁለት ቃል የሚያልቅ ነገር ነው። ግን መጠየቅ ለእሷ አለማወቅን ማሳወቅ ነው። ዣንጥላዋን ይዛ ወረደች። ዝናብም አልነበረ።

«ከእኔ በኋላ ይላል!» አለች ቤት ስትደርስ፣ ኮቷን ሳታወልቅ። «ገና በሕይወት እያለሁ! እኔን አስጽፈው፣ ሁለት ሳምንት ጥፊ ብለው፣ ከዚያ እንደጠፋሽ ቅሪ ሊሉኝ ነው።»

«ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናላ» አለች እህቷ።

«ምን ሌላ ነገር አለ? አርባ ሰባት ዓመቴ ነው እትዬ። ከዚህ ከወጣሁ ማን ይቀጥረኛል? የቀረኝ በር ይሄ ብቻ ነው።» እህቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ አየቻት፤ በደከመ ዓይኗም ቢሆን እንባውን አላጣችውም።

እመት ቁልፍ ያደረገችውን እንግዲህ ልንገራችሁ። የሥራዋን አካሄድ ሁሉ ጻፈች፤ ሠላሳ ሦስት ገጽ። እንደ መስታወት የጠራ ጽሑፍ ነበር። አንድ መስመር ብቻ አስቀረች። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ፣ ክሊኒኩ አሥራ አንድ ሰዓት ሲዘጋ፣ ኮምፒውተሩ ይጸዳና እንደገና ይነሣል። መጀመሪያ ስሞቹ ያሉበት መዝገብ ይነሣል፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ የቀጠሮው ፕሮግራም ይከፈታል። ሳይጠበቅ ከተከፈተ፣ ፕሮግራሙ መዝገቡን ተኝቶ ያገኘውና የሳምንት ያደረ ቅጂ ይዞ ይነሣል። ሦስቱን ደቂቃ ነው የዘለለቻቸው። ሒሳቧ ይሄ ነበር፦ ዝርዝሩ እንደተበላሸ ወዲያው ያያሉ፣ ይጨንቃቸዋል፣ ወግ የሚባለውን ረስተው ይደውላሉ። ስልኩን አንሥታ ሦስት ቃል ትናገራለች፤ ያለ እሷ እንደማይሆን ያውቃሉ። ማንም አይጎዳም።

አራሚው ሠላሳ ሦስቱን ገጽ በሦስት ቀን ጮክ ብለው አነበቡ። እርሳሳቸው የጎደለው መስመር ቦታ ላይ ደረሰ። እርሳሱ አለፈ። ሦስት ደቂቃ ካልነገሩት በቀር ማን ያውቀዋል? መጨረሻ ላይ ፈረሙና «ንጹሕ ጽሑፍ ነው። በማተሚያ ቤት ዘመኔ እንዲህ ያለ ረቂቅ ቢመጣልኝ ኖሮ ዓይኔ እስካሁን ይተርፍ ነበር። እጅሽ ይባረክ» አሏት።

«አሜን ጋሼ» አለች።

ከዚያ ጠፋች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቤት ስታጸዳ፣ ለእህቷ ክር ስታስገባ ዋለች። ማክሰኞ ዕለት ክሊኒኩ ደወለና፣ ቦታ ስለተገኘ የእህቷን ቀጠሮ ወደዚያው ሳምንት ዓርብ አመጡላት። እህቷ ደስታዋን አልቻለችም፤ ጎረቤት ድረስ ሄዳ ተናገረች። እመት ቁልፍም ደስ አላት። ልቧ ግን ሐሙስ ላይ ስለነበር ሐሙስና ዓርብ ተከታታይ ቀናት መሆናቸውን አላሰበችውም። ከእኔ ጋር ሆናችሁ ብትታዘቧት ምን ያህል ብልህ ሴት እንደሆነች ታያላችሁ፤ ብልህ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ አጠገቡ ያለውን ነው የሚስተው።

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ተኩል። አሥራ ሁለት። ስልኩ መሥራቱን ለማየት እህቷን «እስኪ ደውይልኝ» አለቻት፤ ጮኸ። ዘጋችው። ጨለመ። አልተደወለም። በቃ፣ አግኝተውታል አለች። ዝምተኛው አግኝቶታል። ያለ እሷ መሆን ይችላሉ፤ አሁን የቀረው ደብዳቤው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

በማግሥቱ እህቷ አዲስ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣች። አራት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች። በሩን ከፍታ ሳትገባ ቆመች።

«ስምሽ የለም አሉኝ።»

«ማን?»

«የክሊኒኩ ልጅ። ኮምፒውተሩን አየ፣ አየና፣ እማማ ስምዎ የለም አለኝ። ማክሰኞ ራሳችሁ ደውላችሁልኝ ብለው፣ ኮምፒውተሩ አያውቅዎትም አለኝ። እኔን ብቻ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ይጮሃል። አንድ ሽማግሌ በሁለት አውቶቡስ ነው የመጡት፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው…» እህቷ ወንበር ዳብሳ ተቀመጠች። እንደ ሕፃን ታለቅስ ጀመር። «ከዓመት በላይ ነው የጠበቅሁት። ስሜን ያጠፋ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እጁ አይባረክ!»

እመት ቁልፍ ኮቷን አንሥታ ወጣች። በመንገዱ ላይ ቁልፎቹ ኪሷ ውስጥ ሲንጫጩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው አሳፈራት።

ደረጃውን ወጥታ ስትገባ አምስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበዋል። አንዱ ሥራው ላይ፣ አንዱ ስልክ ላይ ነው፤ ዝምተኛው ትናንት ማታ ራሱ ያስነሣውን ኮምፒውተር እየመረመረ ነው። ትናንት የዓርቡን ዝርዝር ከፍቶ አይቶታል፤ ዝርዝሩ ስም ነበረው፤ የዚህ ሳምንት ስሞች እንደጎደሉ በምን ይወቅ? ሳቂታዋ ቀና ስትል አየቻት።

«እንዴ! አንቺ ጠፍተሻል እኮ! መምጣት አይፈቀድልሽም!»

እመት ቁልፍ አልሰማቻትም። ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን የማኅበሩ ክፍት መዝገብ ይታያል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ሥራ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሠራው ይጻፋል፤ አንዴ የተጻፈ አይፋቅም። የመጨረሻው መስመር የአራሚው ነበር፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ጽሑፉን አንብቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ጎደሎ ካለው ያላየሁት እኔ ነኝ። እስኪገኝ ድረስ ከእንግዲህ የማንም ጽሑፍ ላይ አልፈርምም።» አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ሽማግሌው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሠላሳ ሦስቱን ገጽ እንደገና ከመጀመሪያው ያነባሉ።

«ሦስት ደቂቃ» አለች።

«ምን?» አለ ዝምተኛው።

«መዝገቡን አስነሣና ሦስት ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ ቀጠሮውን ክፈት።»

አስነሣው። ሦስት ደቂቃ ጠበቁ። ከታች የመስታወት ቆራጩ አልማዝ ሲፍቅ ብቻ ይሰማል። ሦስት ደቂቃ ይሄን ያህል ረጅም መሆኑን አታውቅም ነበር። ዝርዝሩ ተከፈተ። የእህቷ ስም አራተኛው መስመር ላይ ብቅ አለ። ሳቂታዋ ስልኩን ነጥቃ «ተገኘ! ሁሉንም ጥሩልን፣ ከሰዓት በኋላ ይምጡ በሉ!» ብላ ጮኸች።

አሁን መስመሩን ጽሑፉ ላይ መጨመር አለባት። ዝምተኛው ወንበሩን ለቀቀላት። መስመሩን ጻፈች። ክፍት መዝገቡ እንደ ወጉ ጠየቃት፦ ምክንያት?

«ተረስቶ የቀረ» ብላ ጻፈች። ማን ያውቃል? ከሠላሳ ሦስት ገጽ አንድ መስመር ማንም ይረሳል። ሽማግሌውም በዚህ ይገላገላሉ። ለማስገባት ጣቷን ልታሳርፍ ስትል ዓይኗ የስክሪኑ ዳር ላይ ወደተደረደሩት ፋይሎች ሄደ። በዚህ ቢሮ ሰው ሁሉ የሚጠራው በቅጽል ስሙ ነው፤ ፋይሎቹም እንደዚያው። ከአራሚው በኋላ። ከሳቂታዋ በኋላ። ከዝምተኛው በኋላ። ስድስት ናቸው፤ የእሷ ሰባተኛ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ አለ፦ ከመሥራቹ በኋላ። ከጎኑ የመስመሩ ብዛት ተጽፏል። ዜሮ ይላል።

እጇን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አነሣች። የጻፈችውን አጥፍታ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሆን ብዬ ያስቀረሁት ነው። እንድትደውሉልኝ ብዬ።»

ግድግዳው ላይ በትልቁ ወጣ። ሁሉም አነበበው። ሳቂታዋ አልሳቀችም። አራሚው ከጥጉ ተነሥተው መጡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ መስመሩን ድምፅ ሳያወጡ አነበቡት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ይኼ ብቻ ነው?»

«ይኼ ብቻ ነው ጋሼ።»

የቀረውን ሳይገልጡ ፈረሙ። ቢሰድቧት ትችለው ነበር። ቢያባርሯት ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ነው፣ መልስም አዘጋጅታለታለች። መፈረማቸውን ግን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። ደረጃው ላይ ወጥታ አለቀሰች።

ድምፅ የተሰጠው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። እነዚያን ሁለት ሳምንታት ምን ፈልገው ዝም እንዳሏት ስታሰላ ከረመች፤ ጠባይ በአንድ ዓርብ አይለቅም። በመጨረሻ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ተረኛው ሰብሳቢ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ የያዘው ሰውዬ፣ የሚናገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዝምተኛው እጁን አወጣ። ሰው ሁሉ ገረመው።

«እኔ አንቺን ገና አላምንሽም» አላት። «ያን ቀን የጻፍሽውን መስመር ግን አምነዋለሁ። እንደዚያ ለመጻፍ እኔ አልደፍርም ነበር።» የዓመቱን ንግግር በአንድ ጊዜ ጨረሰ።

እጆች ተነሡ። የአራሚው ቀድሞ፣ የሳቂታዋ ከነአምባሯ፣ ሌሎቹ፣ በመጨረሻ የዝምተኛው። ስድስት። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ፤ ሳቂታዋማ ለማጨብጨብ መዳፏን አዘጋጅታለች።

እመት ቁልፍ ስድስቱን እጅ አንድ በአንድ አየች። ዓመት ሙሉ በእያንዳንዱ ውስጥ ስንጥር ስትፈልግ ከርማ፣ ስንጥሩ የት እንደነበረ አውቃለች። ነገ ሌላ ፋይል፣ ሌላ ዝምታ ቢያስፈራት ምን እንደምታደርግ ራሷን ጠየቀች። እርግጠኛ መልስ አላገኘችም። ቀኝ እጇ ኪሷ ውስጥ ቁልፎቹን እንደጨበጠ ቀረ።

«እጅሽን እንጂ!» አለች ሳቂታዋ።

«አልችልም» አለች። «ዓመት ጨምሩልኝ።»

ሰብሳቢው ጭንቅላቱን አከከና መዝገቡ ላይ ጻፈ፦ ድጋፍ ስድስት፣ ተቃውሞ አንድ። ተቃዋሚዋ እጩዋ። ከዚያ ቆሻሻ የማውጣቱ ተራ የማን እንደሆነ ተከራከሩና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቤት ስትደርስ እህቷ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ ክር እያስገባች ነው፤ በአንድ ሙከራ። መኪናዋን ሳታቆም ጠየቀቻት።

«እ? አባል ሆንሽ?»

«አልሆንኩም።»

መኪናው ቆመ። «ማነው ያ እጁን ያላነሣልሽ ጨካኝ?»

«እኔ ነኝ።» እመት ቁልፍ ኮቷን እንደለበሰች ተቀመጠች። «የዚያን ዓርብም እኔ ነበርኩ እትዬ። ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እህቷ መነጽሯን አወለቀች። ለረጅም ጊዜ በደከመው ዓይኗ አየቻት፣ ከዚያ መልሳ አደረገችውና እንደገና አየቻት። የረገመችው እጅ የማን እንደነበር ገባት። ፊቷ ሲጨማደድ እመት ቁልፍ መሬት መሬት አየች።

«ኮቱን ወዲህ በይ» አለች እህቷ በመጨረሻ።

አውልቃ ሰጠቻት። እህቷ ኪሱን ገልብጣ አየችው፤ ቁልፎቹ እንደ ልማዳቸው ጥጉን በልተውት ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል። ቁልፎቹን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መርፌና ክሩ እጇ ላይ ነው። ኮቱን ግን ሳትነካው አጥፋ መለሰችላት።

«ይሄን ኪስ ከእንግዲህ አልሰፋውም» አለችና ወደ መኪናዋ ዞረች።